ለተራራው የጻፍኩት የወተት ደንብ

ከዞን የመጣው ደብዳቤ ሦስት መስመር ነበር። «ተዳፋቱን ከልለው የሚጠብቁት አርሶ አደሮች ሕጋዊ ሰውነት ያለው ማኅበር ስለሌላቸው ርክክቡ ሊፈጸም እንደማይችል እናሳውቃለን» ይላል። ከሥሩ ማኅተም፣ ከማኅተሙ ሥር የግልባጭ ዝርዝር። የአንኮበር ወረዳ ከተማ ጎረቤላ፣ ቢሮዬ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። ንዴቴ ቅርብ ነው፤ ይሄን የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስወረውረው አጠገቤ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀና አለ።

«ደግሞ ዛሬ ማን ነካሽ?» አለኝ።

«አራት ወር ሙሉ ጭጋግ ውስጥ ቆመው ተራራ የጠበቁ ሰዎች የሉም ተባሉ።»

ወስዶ አነበበና መለሰልኝ። «የሉም አላለም። ማኅበር የላቸውም ነው ያለው። ልክ ነው እኮ።»

ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ማኅበሩ ያልተመዘገበው በማን ጥፋት እንደሆነ ማወቄ ነው። በእኔ ነው። ሳልሸፋፍን ልናገረው፤ የአንዲት ሴት አንድ በሬ ያለበት ጉዳይ ነውና መሸፋፈን አያምርብኝም።

የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነኝ። ያደግኩት ደብረ ብርሃን፣ ካህን ቤት ውስጥ ነው፤ አባቴ «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» እያለ ነው ያሳደገኝ። አንኮበር የተመደብኩት ለሁለት ዓመት ተብዬ ነበር፤ እነሆ ፀጉሬ ሸበተ። በእኔ ኃላፊነት ሥር ካሉት ቦታዎች አንዱ ከአንኮበር በታች ያለ ትልቅ ተዳፋት ነው። ከግርጌው የሚፈልቀው ውሃ ገደል ገደሉን ወርዶ አሊዩ አምባ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ሽንኩርትና ማሾ ያለሙበታል። ተዳፋቱ የማንም አይደለም፤ የወል ግጦሽ ነው። ላይ ያለው ሰው ከብቱን ያሰማራበታል። ሣሩ ሲነጭ ታች ምንጩ ይደክማል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የተሸረሸረው አፈር ወርዶ ቦያቸውን ይደፍነዋል። ለዓመታት ታች ያሉት ላይ ያሉትን ሲራገሙ፣ ላይ ያሉትም «ተራራ ላይ ውጡና ኑሩታ!» እያሉ ሲመልሱ ኖረዋል።

የመጣልን ሐሳብ ቀላል ነበር። ላይ ያሉት ከብታቸውን ከተዳፋቱ ያንሱ፤ ታች ያሉት ደግሞ ከብቱ የሚበላውን ይስጡ። በስልጠና ላይ ይሄ ነገር ረጅም ስም አለው፤ ለሥነ ምህዳር አገልግሎት የሚፈጸም ክፍያ ይባላል። ታች ያሉት ማሽላ ያመርታሉ፤ አገዳው ሞልቷል፤ ስለዚህ ክፍያው በአገዳ ይሁን ተባለ። በዚህ ሁለቱም ወገን ተስማማ። እንዴት እንደሚሰጥ ግን ሥርዓት አለው። የታችኛው የመስኖ ማኅበር የተመዘገበ ነው፤ ንብረት የሚያወጣው ለሌላ የተመዘገበ ማኅበር በርክክብ ሰነድ ነው። ላይ ያሉት ደግሞ ማኅበር አልነበራቸውም። ማቋቋም የእኔ ሥራ ነበር።

መጀመሪያ ግን ላይ ያለው ሰው ከብቱን ለማውጣት ይፈርም። በስብሰባው ቀን ማንም ቀድሞ እሺ አላለም። ማንን እንደሚያዩ አውቅ ነበር። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል የምትበልጠኝ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻዋን በራሷ የያዘች አንዲት ሴት አለች፤ እታለም ነው የምላት። አንድ በሬ ነበራት። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ስለዚህ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቷ ጋር ይቀናጃሉ፤ ዛሬ የእሷን፣ ነገ የእሱን ያርሳሉ። መቀናጆ ይሉታል። በሬዋ ከሄደ መቀናጆው ይፈርሳል፤ መቀናጆው ከፈረሰ መሬቷን ለሌላ አራሽ ለእኩል መስጠት ግድ ይሆንባታል፤ ከዚያ የራሷን እህል ግማሽ ቆማ ስታስጭን ትኖራለች። ይሄን ነገር ከሞት እኩል ነበር የምትጠላው።

ቤቷ ድረስ ሄጄ ለመንኳት። «ሣሩ ዘር እስኪጥል በመጀመሪያው ዓመት ማጨድም ክልክል ነው» አልኳት፤ አልደበቅኳትም።

«ታዲያ በሬዬ ጭጋግ ይብላ?»

«እስከ ታኅሣሥ አገዳው ደጅሽ ይደርሳል። በእኔ ይሁንብሽ።»

«በእኔ ይሁንብሽ አልሽ?»

«አልኩ።»

በማግስቱ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አተመች፤ ሌሎቹም ተከትለው አተሙ። መስከረም ሲጠባ ከብቱ ሁሉ ከተዳፋቱ ወጣ፤ በየተራ ዘብ ቆሙ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ማኅበር ለማስመዝገብ መተዳደሪያ ደንብ ያስፈልጋል። ደንብ መጻፍ ጊዜ ይወስዳል፤ እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ደብረ ብርሃን ካለች ጓደኛዬ የአንድ የወተት ማኅበር ደንብ በፍላሽ ተቀበልኩና የማኅበሩን ስም ቀየርኩ፣ የቀበሌውን ስም ቀየርኩ፣ «ወተት» የሚለውን እያየሁ «ተዳፋት» እያልኩ ቀየርኩ፣ አተምኩ። በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሰዎች ይሄን ሳናደርግ የዋልንበት ቀን ካለ ይነገረኝ። መሥራች ጉባኤው ላይ አንብቡልን ያለ አልነበረም፤ እኔም አላነበብኩላቸውም። አጨበጨቡና ፈረሙ።

ደብረ ብርሃን ያለው መዝጋቢ ግን የሚያነብ ሰው ሆኖ ተገኘ። መነጽሩን አድርጎ፣ በብዕሩ ጫፍ መስመር በመስመር እየተከተለ፣ አንቀጽ ስምንት ላይ ሲደርስ ቆመ። ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «የምትታለብ ላም የሌለው ሰው የማኅበሩ አባል መሆን አይችልም። አባል ጠዋትና ማታ ምርቱን በንጹሕ ዕቃ ያቀርባል።» መነጽሩን አወለቀ። «እህቴ፣ ተራራውን ጠዋት ነው ማታ የምታልቡት?»

ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ግን ደንቡ ከተቀየረ ጉባኤው እንደገና ይጠራል፣ ቃለ ጉባኤው እንደገና ይፈረማል፣ ሁሉም እንደገና ይቀርባል። ጉባኤው ሲጠራ የአጨዳ ጊዜ ሆነና ሰው አልሞላም። ሲሞላ ደግሞ የሚፈርሙት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ከስብሰባ ሲመለሱ ስልጠና ገቡ። ታኅሣሥ በዚህ መልክ አለፈ። ያ ሦስት መስመር ደብዳቤ የደረሰኝ ጥር ገብቶ ነው።

ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ እታለም ሄድኩ። ተራዋ ስለነበር ተዳፋቱ አናት ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ቆማ አገኘኋት። ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ ሲያዩት ያስጎመጃል። በሬዋ ከተከለለው ተዳፋት ውጭ፣ ድንጋያማ ቦታ ላይ ታስሯል። የዳሌው አጥንት ወጥቷል፤ ጎድኑን መቁጠር ይቻላል። በዚያ ዓመት ገብሱን አመዳይ መትቶት ገለባውም እንደነገሩ ነበር።

«አገዳዬን ይዘሽ መጣሽ?» አለችኝ።

«አልመጣም።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ይሄን ተረት በዚያች ሰዓት መምረጧ ጨረሰኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፍላሹን፣ አንቀጽ ስምንትን፣ መዝጋቢው ያለኝን። መጀመሪያ ሳቀች፤ እስክታስል ድረስ ሳቀች።

«ቆይ» አለች። «እኔኮ ላም የለኝም። ያለኝ በሬ ነው። በደንብሽ እኔ አባልም አልነበርኩም ማለት ነው?»

«አልነበርሽም» አልኩ።

«ታዲያ አውራ ጣቴን ለምንሽ ወሰድሽው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም። ጎረቤቷ፣ የመቀናጆ ጓደኛዋ፣ በማለዳ ሰው ሳይነቃ ትንሽ እንድታስግጠው መክሯት ነበር። «እኔ ዘብ ሆኜ እኔው ልስረቅ?» ብላ አባርራዋለች። ለእኔም ቁርጡን ነገረችኝ። «እስከ መጪው ገበያ እታገሣለሁ። በልግ ደርሷል፤ ይሄ በሬ በዚህ ሁኔታው ቀንበር አይሸከምም። ሥጋ ሳለው እሸጠዋለሁ እንጂ አጥንቱን አልሸጥም።»

ገበያው በስምንተኛው ቀን ነበር። ያን ቀን ከተዳፋቱ ስወርድ ለራሴ ማልኩ፤ ወረቀት ካልቻለ በእግሬ እችላለሁ አልኩ።

በማግስቱ ወደ አሊዩ አምባ ወረድኩ። በወረድኩ ቁጥር አንድ ልብስ እያወለቅኩ የውሃ አባቱን ፍለጋ ሄድኩ። የውሃ አባት ማለት ታች ያለውን ውሃ በተራ የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ ቦይ የሚከፍት የለም። ሱሪያቸውን ሰብስበው ቦይ ሲያስጠርጉ አገኘኋቸው። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው፤ የእታለምን በሬም ነገርኳቸው። አካፋቸውን ተደግፈው አዳመጡኝ።

«ማኅበራችን እንኳ አይችልም፤ ልክ ናቸው» አሉ። «መዝገቡን የሚመረምሩ አሉ። ነገ ንብረት ለማን ሰጣችሁ ይሉናል።»

«አባባ፣ እንግዲያ ያ በሬ ይሙት?»

«ቀስ በይ ልጄ፤ መቼ ጨረስኩ! ላይ ያሉት እድር አላቸው?»

«ድሮም አላቸው።»

«በሬሳ የታመነ እድር፣ በአገዳ አይታመንም?»

እኔ የተማርኩት ሴትዮ ክው አልኩ። ለካ ያን ሁሉ ወር ደብረ ብርሃን የፈለግኩት ነገር ደጃቸው ቆሞ ነበር። እድሩ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ቀሪ የሚቀጣበት ሕግ አለው፤ ከእድር መባረርን ደግሞ ተራራ ላይ ያለ ሰው ከእስር ይልቅ ይፈራዋል። ታችም እንደዚሁ ቅሬ አላቸው፤ እኛ እድር የምንለውን እነሱ ቅሬ ይሉታል። የመስኖ ማኅበሩ ሰዎችና የቅሬው ሰዎች ደግሞ እነዚያው ናቸው።

«ማኅበሩ ለማኅበር ካልቻለ ቅሬው ለእድሩ ይሰጣል» አሉ የውሃ አባቱ። «ለአራት ወር ከብታቸውን አስረው ውሃ ሰጥተውናል። ይሄ አማና ነው፤ አደራ ነው። አማና የበላ በአላህ ፊት ምን ሊል ነው? ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰዉን አናግራለሁ፤ ኢንሻአላህ ከገበያው በፊት እንወጣለን።»

ዓርብ ቅሬው ተስማማ፤ በስልክ ነገሩኝ። ከደስታዬ ብዛት ለባልደረባዬ ምሳ ጋበዝኩት። አገዳው ታሠረ፣ አህያና ግመል ተዘጋጀ። ሊነሱ በተዘጋጁበት ጠዋት ግን ከመንደሩ አንድ ሰው ሞተ። ቅሬ ሥራው ይሄ ነው፤ ሬሳ እያለ አገዳ አይጭንም። ቀበሩ፣ ከሐዘንተኛው ጋር ሦስት ቀን ተቀመጡ። ማንን ልቆጣ? ከሌላ ሁሉ አብልጠን ያመንናቸው እንዲህ ያለ ቀን ሥራ ጥለው ስለሚቀመጡ አይደል?

ለእታለም ይሄን ለመንገር ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነበር። የጎረቤቷም አይሠራም። ያን ዕለት ከዞን የመጡ ገምጋሚዎች ስለነበሩ ከቢሮ መውጣት አልቻልኩም። ግምገማውን ትቼ መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። ይሄንንም ከጥፋቴ ቁጠሩት።

አገዳው የመጣው ከገበያው ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። ግመሎቹ ብርዱና ዳገቱ እስከፈቀደላቸው ወጥተው ሸክሙን ለአህዮች አስረከቡ፤ አህዮቹ ከነሸክማቸው ገደሉን ታክከው ሲመጡ አገዳ ብቻውን የሚራመድ ነበር የሚመስለው። የውሃ አባቱም በዚያ ዕድሜያቸው በእግራቸው ወጡ። ሕፃን አዋቂው እልል አለ። እኔ ግን ዓይኔ እታለምን ይፈልግ ነበር። ከእድሩ ቤት ግድግዳ ጥግ ቆማለች። የበሬዋን ገመድ ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ አድርጋለች።

«ሸጥሽው?» አልኳት።

«ቃሌን ጠበቅኩ እንጂ ምን አደረግኩ። ገበያው ደረሰ፣ አንቺ አልደረስሽም።»

የእድሩ ዳኛ አገዳውን ማከፋፈል ጀመሩ። በከብት ቁጥር ነበር የሚያከፋፍሉት፤ ሁለት ላለው ሁለት እጅ፣ አንድ ላለው አንድ። የእሷ ስም ሲጠራ «ከብት የላትም» አለ አንዱ፤ ወደሚቀጥለው ስም አለፉ። በቃ፤ እንደዚያ ቀላል ሆነ። ያን ጊዜ አልቻልኩም። ሰው ፊት፣ እዚያው ቆሜ እንደ ልጅ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ከደሞዜ አጠራቅሜ በሬ እገዛልሻለሁ አልኳት፤ ይቅር በዪኝ አልኳት፤ ምን እንዳላልኳት አላውቅም። እሷ አላባበለችኝም።

«የአንቺ በሬ አልፈልግም» አለች። «አልቅሰሽ ስትጨርሺ እስክሪብቶሽን አውጪ።»

ወደ መሐል ገባች። «የእድሩ ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «ተዳፋቱን የጠበቅኩት እኔ ነኝ ወይስ በሬዬ?»

«አንቺ ነሽ» አሉ ዳኛው።

«ታዲያ በሬዬ ሲሄድ የእኔ ድካም አብሮት ተሸጠ?»

ከወደ ኋላ አንድ ሰውዬ አጉረመረመ። «ከብት ለሌለው አገዳ ምን ይሠራለታል? ሊበላው ነው?»

«እሱን ለእኔ ተወው!» አለችው ዘወር ብላ። «ያንተ በሬ ይበላዋል፤ አንተ ደግሞ መሬቴን ታርስልኛለህ።»

ሰዉ በሳቅ አውካካ፤ ሰውየውም አብሮ ሳቀ። የውሃ አባቱ ከሸክሙ አጠገብ ተቀምጠው «እኛ አገዳውን ያመጣነው ለጠበቀን ሰው ነው፤ ለቀንድ አይደለም» አሉ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፊ» አሉኝ። በእድሩ መዝገብ ላይ፣ ከቀብር መዋጮው ዝርዝር በኋላ ባለው ገጽ፣ ዓይኔን እየጠረግኩ ጻፍኩ። «ተራውን የጠበቀ ሁሉ ይካፈላል፤ ከብት ቢኖረውም ባይኖረውም።» ከዚያ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሁሉም ሰማ።

እታለም ድርሻዋን ለመቀናጆ ጓደኛዋ በሬ ሰጠች፤ እሱም ለጥንድ የሚሆን በሬ ከሌላ ጎረቤት ሲያገኝ ቀድሞ የእሷን መሬት አረሰ። ያን በልግ መሬቷን ለእኩል አልሰጠችም። እኔ ደግሞ «ከአሠራር ውጭ ርክክብ አስፈጽመሻል» ተብዬ የጽሑፍ ማብራሪያ ተጠየቅኩ። አዎ፣ አስፈጽሜያለሁ ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የወተቱን ደንብ ቀድጄ ከእድሩ መዝገብ የቀዳሁትን ሁለት ገጽ ይዤ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። መዝጋቢው መነጽሩን አደረገ፤ አነበበ። «አጭር ነው» አለ። «ሰዎቹ በቃላቸው ይዘውታል፤ ምን ያስረዝመዋል?» አልኩት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ሲለኝ በራቸው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ተመላልሼ ተቀመጥኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ሰጠችኝ። ተፈረመ።

ከዚያ ወዲህ አራት በጋ አልፏል። አሁን አገዳው የሚመጣው በማኅበሩ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ሲዘገይ ደግሞ በእድሩና በቅሬው ይመጣል። ኅዳር ሲገባ እኔ ራሴ ቀድሜ ቁልቁል እወርዳለሁ፤ ስልክ አላምንም። እታለም ጥጃውን ከባለቤቱ ጋር ልትካፈል በርቢ የወሰደቻት ጊደር ወልዳ፣ ከድርሻዋ የደረሳትን ወይፈን ዘንድሮ ለቀንበር ታለማምዳለች። የሸጠችውን በሬ ስሙን እስከ ቅርብ ጊዜ አንሥታብኝ አታውቅም ነበር፤ እኔ ግን ገመዱን ወይፈኑ አንገት ላይ ሳየው አወቅኩት።

ባለፈው ተዳፋቱ ላይ ተራዋን ስትጠብቅ አገኘኋት። «ደንብሽን ይዘሻል?» አለችኝ። ማንበብ አትችልም፤ አንብቢልኝ ማለቷ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላት።

«ስለ ላም የሚል አለበት?»

«የለበትም።»

«ተመስገን» ብላ ሳቀች። ቀጠልኩ። «ተራውን የጠበቀ ሁሉ ይካፈላል» የሚለው ጋ ስደርስ እጇን ወረቀቱ ላይ ጣል አደረገች።

«እሷን የጻፋት በሬዬ ነው» አለች። «በይ ቀጥዪ።»